መጋዝ የሚመረጠው በሚቆረጠው እንጨት ነው፦ ለአንድ የግንባታ ምክር የተሰጠ ምላሽ

የራሱን ቤት ራሱ ለሚሠራ ሰው የትኛው የሞተር መጋዝ እንደሚሻል የሚመክር ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። ጉዳዩ መነሳቱ ደስ ይላል። ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ዋጋ የሚያወራ ሞልቷል፤ አናጺው ስለሚይዘው መሣሪያ የሚጽፍ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቅሬታዬ ምክሩ ላይ ነው።

ላላነበበው ሰው፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ቼይንሶ (በቤንዚን ሞተር የሚዞር ባለ ሰንሰለት መጋዝ) ያለው ሰው ሌላ መጋዝ አያስፈልገውም። ሰርኩላር ሶ (ክብ ዲስክ የሚያዞር በእጅ የሚያዝ መጋዝ) ልግዛ የሚል ካለም ዋቱ ትልቅ የሆነውን ይውሰድ። ዲስኩ ጥርሱ የበዛ ይሁን። አሜሪካ ዘመድ ያለው ከዚያ ያስመጣ፤ ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ይጨርሰዋል። በባትሪ የሚሠራ መጋዝ መጫወቻ ነው። አቅም ያነሰው ግራይንደሩ (የብረት መፋቂያው) ላይ የእንጨት ዲስክ አስሮ ይገላገል። የእጅ መጋዝ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።

በየተራ እንያቸው። አንዳንዱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የግራይንደሩ ምክር ግን ጣት የሚያስቆርጥ ነው፤ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጸሐፊው የዘለለው አንድ ጥያቄ አለ። የምንቆርጠው ምንድን ነው? ምክሩ አሜሪካ ላለ የእንጨት ቤት የተጻፈ ይመስላል። እዚያ የግድግዳው ቋሚ 38 በ89 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በማድረቂያ የደረቀ፣ አራት ጎኑ የተስተካከለ ጥድና መሰል እንጨት ነው። እዚህ ብሎኬት ቤት የሚሠራ ሰው እንጨት የሚነካው በዋናነት ሁለት ቦታ ነው፤ ኮንክሪት ለመሙላት ፎርም ሲያስርና ጣሪያ ሲያዋቅር። ጣሪያ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ክብ ባህር ዛፍ ነው። የላይኛውና የታችኛው አግዳሚ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መሃል ያሉት ቋሚና ሰያፍ እንጨቶች ባለ 8። ቆርቆሮው የሚመታበት 5 በ7 ሞራሌ ነው። ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ቋሚውም ወራጁም ማገሩም ያው ባህር ዛፍ ነው። ብዙ ጊዜም እርጥብ ነው። ባለፈው ሳምንት ቆሞ የነበረ ዛፍ ዛሬ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከአራቱም ጎን የተጠረበ ባለ 10 በ10 ቋሚ አቁሞ ሙሉ የእንጨት ቤት የሚሠራ ሰውም አለ፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ቼይንሶው እንሂድ። ጸሐፊው ግማሽ እውነት አለው። ክብ አጣና በክምር ለማሳጠር ቼይንሶን የሚያህል የለም። ሰርኩላር ሶ ከታች ጠፍጣፋ የብረት መቀመጫ ስላለው ክብ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይወዛወዛል። ግንድ መቆራረጥና ዛፍ መጣልማ የቼይንሶ የራሱ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቼይንሶ ያለፈበት መስመር ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እንጨት ዱቄት ያደርጋል። የሰርኩላር ዲስክ የሚበላው ሁለት ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። አንድ ግንድ አሥር ቦታ ብትሰነጥቁ በቼይንሶ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እንጨት መሬት ላይ ይቀራል። ሦስት ባለ 2.5 ጣውላ ጠፋ ማለት ነው። ደግሞ ከሱቅ ከመጋዙ ጋር የሚመጣው ሰንሰለት የተሳለው እንጨትን አግድም ለመቁረጥ ነው፤ ጥርሱ ወደ 30 ዲግሪ ሰያፍ ነው። እንጨቱን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ወደ 10 ዲግሪ የተሳለ ሌላ ሰንሰለት ይፈልጋል። ጽሑፉ ይህን አያነሳም። ግንድ ያለው ሰው መሰንጠቂያ ቤት ቢወስደው እንጨቱም ጉልበቱም ይተርፈዋል።

ሌላው የልክ ጉዳይ ነው። ባለ 10 በ10 ቋሚ ላይ አግዳሚው የሚቀመጥበትን ግማሹን መፈልፈል አለባችሁ እንበል። በሰርኩላር ሶ ሥራው እንዲህ ነው። ጥልቀቱን 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ታስራላችሁ። በሁለቱ የእርሳስ ምልክቶች መካከል በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ ትቆርጣላችሁ። እንጨቱ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። የቀሩትን ስስ ክፋዮች በመዶሻ ከጎን መታ መታ ስታደርጓቸው ይረግፋሉ። ወለሉን በመሮ ታጸዳላችሁ። ሁሉም ቁርጥ ጥልቀቱ እኩል ስለሆነ አግዳሚው ገጥሞ ይቀመጣል፤ ሸክሙም በሙሉ ወለሉ ላይ ያርፋል። በቼይንሶ ይህን አስተካክሎ የሚሠራ ባለሙያ የለም አልልም። ዕድሜውን በሞላ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ይሠራዋል። ጽሑፉ የተጻፈው ግን የመጀመሪያ ቤቱን ለሚሠራ ሰው ነው።

ጽሑፉ ከፍታን ጨርሶ ረስቷል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ ወደ ሩብ የተጠጋ ጉልበቱ የለም። በዚያ ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ከሆነ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሞተሩ ያጨሳል፣ ያጉረመርማል፣ እንጨት ሲነካ ግን አይስብም። ሰው "ቻይና ነው፣ ፎርጅድ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ "ኤች" የሚል ፊደል የተጻፈበት የካርቡራተሩ ትንሽ ቪቴ ነው። እሱም በግምት የሚነካ አይደለም። ከልክ በላይ ከተጠበቀ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቅባቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ቤንዚኑ ሲያንስ እሱም ያንሳል፣ ፒስተኑም ይቃጠላል። የምትሠሩበት ቦታ ላይ ሆኖ የሚያውቅ መካኒክ ያስተካክለው። ካርቡራተራቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ አዳዲስ ሞዴሎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአንድ ቤት የሚወጣ አይደለም።

ቼይንሶ ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣትስ? ክፈፉ ላይ የተረፉትን የወራጅ ጫፎች እንዲህ የሚያስተካክል ሰው ብዙ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ ጫፉ፣ በተለይ የላይኛው ሩብ፣ ሌላ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ነው የሚወረወረው። መሬት ላይ ቆሞ ሁለት እግሩን የተከለ ሰው እንኳ የሚቆጣጠረው በጭንቅ ነው። መሰላል ላይ ያለ ሰው ምን ይይዘዋል?

ስለዚህ የእኔ ምክር ቼይንሶ አትግዙ ነው። አጣናው የሚቆረጥበትን ቀን ወስኑ፤ ከነባለሙያው ተከራዩ። ቤቱ ካለቀ በኋላ መጋዙ ጥግ ላይ ቆሞ ካርቡራተሩ ውስጥ የደረቀ ቤንዚን ይዞ ከሚጠብቃችሁ ይሻላል።

የዋቱ ነገር። ጸሐፊው 2,000 ዋት የሆነ፣ ባለ 235 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሰርኩላር ሶ ይመክራል። ትልቅ ስለሆነ ሁሉን ይቆርጣል ነው ነገሩ። እስቲ በእኛ እንጨት እንለካው። ባለ 190 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው የተለመደው ሰርኩላር ሶ ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ባለ 235ቱ 85 ገደማ ይወርዳል። 5 በ7 ሞራሌን በሰፊው ጎኑ አጋድሙት፤ የሚቆረጠው ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ይጨርሱታል። ባለ 10 ቋሚ ላይ ስትመጡ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም። በሁለቱም እንጨቱን ገልብጣችሁ ከሌላው ጎን መቁረጥ አለባችሁ። ታዲያ ትልቁ ምን ጨመረ? ክብደት ጨመረ። ትንሹ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትልቁ ወደ 7 ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ ያንን የሚይዝ ክንድ ከሰዓት በኋላ መስመር ይስታል።

ገልብጦ መቁረጥ ከባድ አይደለም። ዋናው ምልክቱ ነው። እስኳድራ ይዛችሁ መስመሩን አራቱንም ጎን አዙሩት። የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ወይ እንጨቱ ጠማማ ነው ወይ እስኳድራው። ያንን ሳያዩ መጋዝ ማስነሳት አያስፈልግም።

"ሰያፍ ሲቆረጥስ? ጥልቀቱ አይቀንስም ወይ?" የሚል ይኖራል። ይቀንሳል። ዲስኩን 45 ዲግሪ ስታጋድሙት ባለ 190ው ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 5 ሳንቲ ሜትሩን አይጨርስም። ግን የጣሪያ ሰያፍ የሚቆረጠው በዚህ መንገድ አይደለም። ተዳፋቱ እንጨቱ ሰፊ ጎን ላይ በእርሳስ ይሰመራል፤ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ነው መስመሩን የሚከተለው። ጥልቀቱ አይነካም።

ሱቅ ስትገቡ ከዋቱ በፊት የምታዩት ሌላ ነገር አለ። የታችኛውን የዲስክ ከለላ በእጃችሁ ወደ ኋላ ሳቡና ልቀቁት። ጠብ ሳይል፣ ሳይንጠለጠል፣ በስፕሪንጉ ፈጥኖ መመለስ አለበት። የብረት መቀመጫውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ተዉት። የሞተሩ ካርቦንና አርማቸር (የሚያልቀውና የሚዞረው ክፍል) ለብቻው ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መርካቶ ማኪታም ቦሽም ኢንግኮም ቶታልም ታገኛላችሁ። መለዋወጫውን ሁለተኛ ሱቅ ላይ ያገኛችሁለት መጋዝ ካላገኛችሁለት ይበልጣል፤ ስሙ የፈለገው ቢሆን። የተቃጠለ ሞተር ማስጠቅለል እንዳለ ሆኖ ማለት ነው።

ስለ ዲስክ ጽሑፉ የጻፈው ከዚህ ሁሉ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነው። ጥርስ በበዛ ቁጥር ቁርጡ ይሻላል ይላል። ይህ የሚሠራው ለደረቅ ኮምፔንሳቶና ለቺፑድ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሌላ ነገር ነው። ጥርስ ሲበዛ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። እርጥቡ ፍቅፋቂ መውጫ ያጣል። ዲስኩ ይግላል፣ ሙጫው ይጋገርበታል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይጮሃል። ሰውየው ዲስኩ የደነዘዘ መስሎት የባሰ ይጫነዋል። ለ190 ሚሊ ሜትር መጋዝ ለእርጥብ እንጨትና ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ በቂ ነው። ለሞራሌ ቆረጣ 40 ግዙ። 60 ጥርስ የሚያስፈልጋችሁ ለኮርኒስና ለቁም ሣጥን ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ርካሽ መጋዝ አንድ ዲስክ ካለው ውድ መጋዝ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሦስተኛ ዲስክም ካላችሁ ያረጀውን አትጣሉት። የፎርም ጣውላ ተነቅሎ ጣሪያ ላይ ይገባል፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ጣውላው ውስጥ የተሰበረ ምስማር አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ የደረቀ ሲሚንቶ። አዲስ ዲስክ አንድ ምስማር ከመታ ጥርሱ ይሸረፋል። ለእንዲህ ያለው አሮጌው ዲስክ ነው የሚታሰረው። ሌላም እግረ መንገድ ልበል፤ ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ቆርጣችሁ ቀቡ እንጂ ቀብታችሁ አትቁረጡ። ዘይቱ ዱቄቱን ዲስኩ ላይ ይለጥፈዋል። ደግሞም ምስጥ በተቆረጠው ጫፍ ሊገባ ይችላል፤ እሱ ሳይቀባ ቀረ ማለት ነው።

ኮምፔንሳቶ ስትቆርጡ መልካሙን ፊት ወደ ታች አድርጉት። የሰርኩላር ዲስክ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ የሚቦጫጭቀው የላይኛውን ፊት ነው። ጂግሶም (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው መጋዝ) እንዲሁ ነው።

ጸሐፊው ስለ እንጨት አቀማመጥ አንድ ቃል አላለም። ከመጋዙ ምርጫ እኩል የሚከብደው ግን ይህ ነው። የተለመደውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ብሎኬት ይቀመጣል፣ እንጨቱ በላያቸው ይጋደማል፣ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ዲስኩ ግማሽ ሲደርስ እንጨቱ በክብደቱ ይጎብጣል። የተቆረጠው አፍ ይዘጋል፤ ዲስኩን ይይዘዋል። ዲስኩ ሲያዝ መጋዙ እንጨቱን ትቶ ወደ ቆራጩ ጭን ይመለሳል። የባለ 190 ዲስክ ጫፍ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር በሰዓት ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ባህር ዛፍ ደግሞ ለዚህ ችግር የባሰ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ ስትሰነጥቁት ሁለቱ ወገን ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። ጫፉ ላይ ራሱ ሲሰነጠቅ የምታዩት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከድጋፉ ውጪ ቁረጡ፤ የሚወድቀው ወገን በነጻ ይውደቅ። ወይም እንጨቱን በሞላ አሮጌ ጣውላ ላይ አጋድሙና ዲስኩ ከእንጨቱ በታች አንድ ጥርስ ያህል ብቻ እንዲወጣ ጥልቀቱን እሰሩ። ረጅም ስትሰነጥቁ ከዲስኩ ኋላ በተቆረጠው መስመር ውስጥ ሽብልቅ አስገቡ። ራሳችሁም ከመጋዙ ቀጥታ ኋላ አትቁሙ፤ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ።

አሁን ከአሜሪካ ስለሚመጣው። የዘመድ ስጦታ አይጠላም። ግን የአሜሪካ መጋዝ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220። በቀጥታ ከሰካችሁት የሚቃጠለው ወዲያው ነው። ትራንስፎርመር ይፈታዋል የሚለው በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ የቀረው የመጠኑ ጉዳይ ነው። እነዚያ ሰርኩላር ሶዎች ብዙዎቹ 15 አምፒር ናቸው። በ120 ቮልት ሲባዛ 1,800 ዋት ነው። ሲነሱ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባሉ። "2,000 ዋት" የተጻፈበት ትራንስፎርመር በወረቀት ይበቃል፤ በሥራ ላይ ይግላል። 3,000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እሱ ከራሱ ከመጋዙ ይከብዳል። በየሄዳችሁበት ጥግ እየጎተታችሁት ነው የምትሠሩት።

የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ፣ የእኛ 50 ነው፤ ልዩነቱ ጉዳት አለው ወይ? በእጅ ለሚያዘው መጋዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ካርቦን ያለው ሞተር ለሄርዝ ደንታ የለውም። ወለል ላይ የሚቆመው ትልቁ ቴብል ሶ ግን ካርቦን የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ካለው ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል። በደቂቃ 3,450 ይዞር የነበረው 2,875 ይሆናል።

ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከጀርመን የሚመጣ መሣሪያ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የእነዚህ አገሮች መብራት 230 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። መሰኪያውን መቀየር ነው። ከእንግሊዝ ሲመጣ ግን ተጠንቀቁ። የቤቱ መብራት 230 ቢሆንም የግንባታ ቦታ መሣሪያቸው ብዙው 110 ቮልት ነው፤ ቢጫ መሰኪያ አለው። ለንደን ያለ ወንድማችሁ ያገለገለ መጋዝ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ከደወለ መጀመሪያ የመሰኪያውን ቀለም ጠይቁት።

እዚህ ላይ ነው የባትሪው ነጥብ የሚገባው። ጸሐፊው መጫወቻ ያለው መጋዝ ከውጭ ለማስመጣት ከሁሉ የሚመቸው ነው። ባትሪው የአገር ቮልቴጅ አያውቅም። ማየት ያለባችሁ ቻርጀሩን ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ ይሰካል። 120 ብቻ ካለ ቻርጀሩን እዚህ ግዙ። ለቻርጀር የሚሆን ትራንስፎርመርም ትንሽ ነው፤ የመጋዙን ያህል አይከብድም። ዴዋልት አሜሪካ "20 ቮልት ማክስ"፣ ሌላ አገር "18 ቮልት" ብሎ የሚሸጠው ባትሪ ጉልበቱ አንድ ነው። ውስጡ በተከታታይ የታሰሩ አምስት ሴሎች ናቸው፤ አንዱ ሞልቶ ሲለካ 20፣ ሌላው በሥራ መካከል ሲለካ 18 ይሆናል። ትልቁን ቁጥር አይቶ ተጨማሪ ብር የሚከፍል አለ።

አምጪውን ሰው ግን አትርሱት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይጫንም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ነው፤ ያልፋል። ባለ 6ቱ 108 ነው፤ ይጠየቅበታል። ባለ 9ኙ 162 ስለሆነ ኤርፖርት ይቀራል።

ጉልበቱስ? 90 ዋት ሰዓት 1,200 ዋት የሚስብን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ያዞራል። ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ሞራሌ አግድም ለመቁረጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚበቃው። በዚያ ስሌት አንድ ባትሪ አንድ ጣሪያ ላይ የሚወጣውን የግማሽ ቀን ቆረጣ ይችላል። ለመሰንጠቅ ግን አይሆንም፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳተም። ክፈፉ ላይ ወጥቶ የወራጅ ጫፍ ለመቁረጥ ግን ገመድ የማይጎትት መጋዝ ከሁሉ ይሻላል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

ባለ ገመዱን የምትይዙ ሰዎች ደግሞ ኤክስቴንሽኑን ተመልከቱ። ከጎረቤት 50 ሜትር በቀጭን ገመድ መብራት ጠልፎ መሥራት የተለመደ ነው። 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ በዚያ ርዝመት 1,400 ዋት መጋዝ ሲሸከም ወደ 16 ቮልት ይጥላል፤ ሲነሳማ ይብሳል። ሰፈሩ ቀድሞውኑ 200 ከሆነ ሞተሩ በ185 ገደማ እየታገለ ነው። 1.5 ግዙ፤ የቮልት መውደቁ በግማሽ ይቀንሳል። ከጥቅሉም ፈትታችሁ ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ሲሠራ ይግላል። በጄኔሬተር የምትሠሩም ከላይ ስለ ከፍታ ያልኩትን አስታውሱ። ባለ 3 ኪሎ ዋቱ እዚህ 3 አይሰጥም።

ወደ ግራይንደሩ መጣሁ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው ይገባኛል። ግራይንደር በየቤቱ አለ፤ ዲስኩ ርካሽ ነው፤ በየወርክሾፑም ይደረጋል። ግን ልዩነቱን አስቡት። ትንሹ ባለ 115 ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ይዞራል፤ ሰርኩላር ሶ ከሚዞረው እጥፍ በላይ ነው። ግራይንደር የተሠራው ለሚፍቅ ዲስክ ነው። የሚፍቅ ዲስክ ብረት ላይ ይሸራተታል። ጥርስ ያለው ዲስክ ግን እንጨቱን ይነክሳል። ሲነክስ መሣሪያው በራሱ ይሮጣል፣ ወይም ዘሎ ይመለሳል። ሰርኩላር ሶ ይህን የሚቋቋመው እንጨቱ ላይ የሚያርፍ ሰፊ መቀመጫ ስላለው ነው። ጥልቀቱም የታሰረ ነው፤ ከእንጨቱ ሲወጣም ከለላው ራሱ ይዘጋል። ግራይንደር አንዱም የለውም። በአየር ላይ ነው የምትይዙት።

ማብሪያውንም እዩት። የሰርኩላር ሶ ማብሪያ ጣታችሁ ሲለቀው ይጠፋል። ብዙ ግራይንደር ተገፍቶ የሚቆለፍ ማብሪያ ነው ያለው። ከእጃችሁ ቢወድቅ እየዞረ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሰው ከለላውን አውልቆ ከሰርኩላር የተነቀለ ትልቅ ዲስክ ያስርበታል። ዲስኩ ላይ የተጻፈ ከፍተኛ የዙር ቁጥር አለ፤ ዲስኩ ከዚያ በላይ እንዲዞር አልተሠራም። ከበለጠ ጥርሱ ተነቅሎ ይፈናጠራል። የት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ የዓይን መነጽርም ሁልጊዜ አያቆመውም።

አቅም ያነሰው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ጸሐፊው ጊዜው አለፈ ያለው የእጅ መጋዝ ነው። ጥሩ የእጅ መጋዝ የአንድ ግራይንደር ዋጋ አያወጣም። ባለ 8 አጣና ቀስት መጋዝ ይዞ የሚቆርጥ ጎበዝ ሰርኩላር ያለው ሰው ገመዱን ዘርግቶ እስኪሰካ ድረስ ይጨርሳል። ሰርኩላር ያልጨረሰውን ጥግም የሚጨርሰው እሱ ነው። ብሩ ሲገኝ ያገለገለ ባለ 190 ሰርኩላር ሶ ፈልጉ፤ ካርቦን ቀይሩለት፣ አዲስ ዲስክ ግዙለት። የአንድ ቤት ጣሪያ ይወጣበታል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ስለ ድሪልና ስለ ምስማር ሽጉጥ እንደሚጽፍ ቃል ገብቷል። እጠብቃለሁ። የዋቱንና የቼይንሶውን ነገር እየተከራከርን መቀጠል እንችላለን። የግራይንደሩን አንቀጽ ግን ቀጣዩን ከመልቀቁ በፊት ቢያወጣው ደስ ይለኛል። ጽሑፉን ለሌላ ሰው የላካችሁም ይህን ምላሽ አብራችሁ ላኩለት።